ሦስት ላሜራ

ቆርኬ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ ጠሂራ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ፈርሀትስ? ትንሿ ኢማንስ? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ይበላሉ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ እበላለሁ። ጎረቤት በሳህን ያመጣል፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ደግሞ ቆመው ያዩኛል።

ስልክ ለምን አያነሱም ብለሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሀዲድ ሲጠግን፣ ባቡር በአጠገቡ ሲያልፍ የኖረ ጆሮ መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ስታወሪኝ የሚሰማኝ የንብ ድምፅ የመሰለ ነገር ነው። ስልኩ ላይ የሚጻፈውንም ፊደል ዓይኔ አይለየውም። የምትይኝን በወረቀት ላኪልኝ። የአውቶቡሱ ሾፌር ስንታየሁ ወለንጪቲ ላይ ያስቀምጥልኛል፣ የኔንም መርካቶ ድረስ ያመጣልሻል። ቃል ገብቶልኛል።

እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ ላልሽው፣ የወንድምሽ የኢምራን ቀብር ዕለት ቤቱ ሰው ሞልቶ ስለነበር በደንብ አላወራንም። አንቺ ወንድምሽ ብስክሌት ሲጠግን እንጂ መንገዱን አላየሽለትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ።

ኢምራን የተተወውን የባቡር መንገድ የብስክሌት መንገድ ላድርገው ሲለኝ ስቄበት ነበር። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሀዲዱ ግማሹ ተነቅሏል፣ ግማሹ አፈር ለብሷል፤ ከፍየል በቀር የሚሄድበት አልነበረም። እሱ ግን «አባባ፣ ባቡር የሄደበት ቦታ ክፉ ዳገት የለውም፤ ነድቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይነዳዋል» አለኝ። ይህን ያህል ዓመት ስጠግነው እኔ አንድ ቀን አላሰብኩትም። ከአዳማ እስከ ቆርኬ አብረን ጠረግነው። እሾሁን እሱ ቆረጠ፤ ጎርፍ የሚያልፍበትን እኔ አሳየሁት። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ የመርካቶ ልጆችን አስከትሎ ሲመጣ፣ የድሮው ጣቢያ ጥላ ሥር ምሳ ሲበሉ፣ ጣቢያው እንደገና የተከፈተ ይመስለኝ ነበር።

ያስቸገረን የቆርኬ ድልድይ ነው። ሀዲዱም እንጨቱም ስለተነሣ መሃሉ ክፍት ነበር፤ ከሥሩ ስድስት ሜትር ገደማ ነው፣ ድንጋይ ነው። ስምንት ላሜራ አንጥፈን ዘጋነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ብሎን አልነበረንም፤ ከመርካቶ አመጣለሁ ሲለኝ እስከዚያ ብዬ በወፍራም ሽቦ አሰርኩት። «እስከዚያ» ያልኩት ዓመት አለፈው።

በዚያ ሳምንት ያለ ወቅቱ ዘንቦ ወንዙ ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ሞልቶ፣ መልሶ ጎድሎ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ድልድዩን ሳላይ አልውልም፤ የዚያን ሐሙስ ግን ጉንፋን ይዞኝ ተኛሁ። እሁድ ጠዋት ወንድምሽ እንደ ልማዱ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። መንገዱን አስቀድሞ ሳያይ ሰው አያስከትልም ነበር። ድልድዩ ከመታጠፊያው ቀጥሎ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። ከመሃል ሦስቱ ላሜራ የሉም። ውሃው ወስዷቸዋል። ከኋላው አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ እነሱ እሱን ታች አይተው ቆሙ።

ከቤቴ ስምንት መቶ ሜትር አይሞላም። ሲጮሁ አልሰማሁም። ሻይ ጥጄለት በር ላይ ተቀምጬ ነበር።

በራስዎ አይፍረዱ ብለሻል። ታዲያ በማን ልፍረድ? ፈርሀትን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የብረት ነጋዴ ስለሆነ ያውቃል። ምስማር የሚያህል ወፍራም ሽቦ፣ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ የታሰረ፣ ምን ያህል ይሸከማል? ልኩን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰላም በይልኝ። መቃብሩ ውስጥ ወርዶ ወንድምሽን በእጁ የተቀበለው እሱ ነው፤ እስክሞት አልረሳለትም።

አባትሽ ሙራድ


መርካቶ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፣

እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆነው። ስላዘገየሁብዎ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኳቸው።

ኢማን ደህና ናት። አጎቷን ትጠይቃለች፤ «ጎማ ሊነፋ ሄዷል» ትላለች ለራሷ። እኔ አላልኳትም፣ ራሷ ናት የፈጠረችው።

ብስክሌቶቹን ምን አደረጋችኋቸው ብለው በስንታየሁ ላስጠየቁኝ፣ ምን አለሽ ተራ ፈርሀት ሱቅ ውስጥ ያለችው የኢምራን ጥግ እንዳለች ናት። ሊያሠሩ የሰጡ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ይወስዳሉ። አንዳንዱ አልሰማም። ትናንት አንድ ሽማግሌ መጥተው «የት አለ ያ ልጅ? ፍሬኔን ነገ አደርሳለሁ ብሎኝ ጠፋ» አሉኝ። እያለቀስኩ ብስክሌቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፍሬኑን ሠርቶት ነበር።

ስለ ፈርሀት ጠይቀዋል። ደህና ነው። ሥራውን ይሠራል። ብዙ አያወራም። ስለ ሽቦው ጠይቄው ነበር፤ አላውቅም ብሏል።

አባባ፣ እባክዎ ስለ ሽቦው አያስቡ። የርስዎ እጅ አይደለም። ሌላ ልጽፍልዎ የፈለግሁት ነገር ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አልመጣ አለኝ። ለአሁኑ ይቅር።

ልጅዎ ጠሂራ


ቆርኬ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጠሂራ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወደ አዲስ አበባ ይምጡ ብለሽ በስንታየሁ ለላክሽብኝ፣ አሁን አልችልም። ሥራ ይዣለሁ።

ሥራው ምን እንደሆነ ከሰው ከምትሰሚ እኔ ልንገርሽ። ከድልድዩ በታች ያለውን አሸዋ እየቆፈርኩ ነው። ጎርፍ ላሜራ ቢወስድ የትም አያደርስም፤ የሆነ ቦታ ይቀብረዋል። አንዱን ባገኝ የሽቦውን ቀዳዳ አይቼ እረዳለሁ፤ ሽቦው ተበጥሶ እንደሆነ፣ ቋጠሮው ተፈትቶ እንደሆነ። እስከ ታችኛው መታጠፊያ ደርሻለሁ። አንድ የመኪና መከላከያና ሁለት የሞቱ ፍየሎች አገኘሁ። ላሜራ የለም።

በመስጊድ ያደረግሁትንም ነግረውሻል መሰለኝ፣ እውነት ነው ወይ ብለሽም አስጠየቅሽኝ። እውነት ነው። ዓርብ ከሶላት በኋላ ተነሥቼ «ልጄን ውሃ አልገደለውም፣ እጄ ነው» አልኳቸው። ኢማሙ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ምን እንዳለኝ አልሰማሁም፤ ከንፈሩ ብዙ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው የተበላሸ ነገር ሲያመጣልኝ አልነካም። የጎረቤቴ የውሃ ፓምፕ ሳምንት ሙሉ ደጄ ላይ ተቀመጠች። እጄ አይታመንም ብዬ መለስኳት።

ብስክሌተኞቹ ባለፈው እሁድ መጡ። ሩዋይዳ የምትባል ልጅ መርታቸው ነው የመጣችው፤ ወንድምሽ የሞተ ዕለት ከኋላው ከነበሩት አንዷ ናት። ወረቀት ላይ «መንገዱን በስሙ እንጥራው?» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። መንገዱ የለም አልኳት። ከመታጠፊያው በፊት ድንጋይ ከምሬ ዘግቼዋለሁ።

አባትሽ ሙራድ


መርካቶ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ሰላም ለርስዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው፤ ስንታየሁ መናኸሪያ እየጠበቀኝ ነው።

በአላህ ይዤዎታለሁ፣ መቆፈሩን ይተዉ። በዚህ ዕድሜዎ ወገብዎ አይችለውም። ላሜራዎቹን አያገኟቸውም። ይተዉት፣ አባባ። ለሰውም እንዲያ እያሉ አይናገሩ፤ እርስዎ እንዲያ ሲሉ እኔ እዚህ መቆም ያቅተኛል።

ፈርሀት አብሬሽ ሄጄ ላምጣቸው ብሎ ነበር። አይሆንም አልኩት። ለምን እንዳልኩት ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ጠሂራ


ቆርኬ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጠሂራ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ላስጠየቅሽኝ፣ የእጄ ቁስል ደርቋል፤ ማን እንደነገረሽ ባላውቅም፣ አካፋው ነው የላጠኝ።

መቆፈሩን ትቻለሁ። ስላልሽኝ አይደለም። ሌላ ነገር ሞከርኩ። ያንኑ ዓይነት ላሜራ ከወለንጪቲ አመጣሁ፣ ከዚያው ጥቅልል በተረፈኝ ሽቦ፣ እንደዚያው ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ ድልድዩ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ላሜራውን በገመድ ወደ ላይ አስጎተትኩት፤ መጀመሪያ በሁለት ሰው፣ ቀጥሎ በአህያ፣ መጨረሻ በትራክተር። ላሜራው ታጠፈ። ሽቦው አልተበጠሰም።

ልጄ፣ ትራክተር ያልበጠሰውን ሽቦ ጎርፍ እንዴት ይበጥሰዋል?

ከዚያ ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። «ላሜራዎቹን አያገኟቸውም» ትያለሽ። «ባያገኟቸውስ» አላልሽም። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የማታውቂውን ነገር እርግጠኛ ሆነሽ አትናገሪም። እንዴት አወቅሽ?

የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊልኝ። ጾሙ ሳይገባ ጻፊልኝ።

አባትሽ


መርካቶ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፣

ተቀምጠው ያንብቡት።

ኅዳር 30 ቀን፣ ሰኞ ነው፣ ለፈርሀት ምሳ ይዤለት ወደ ሱቅ እሄድ ነበር። ከኛ በላይ ከሰል ማንደጃ የሚሠሩት ጋሽ ቶላ አዲስ የሠሯቸውን በረድፍ ደርድረዋል። የአንዱ ማንደጃ ጎን ላይ ቢጫ ቀለም አየሁ። ግማሽ ጎማ ነው። ከጎኑ ያለው ማንደጃ ላይ ደግሞ መሪና ኮርቻ።

ኢምራን ሰው እንዳይጠፋበት በየቦታው ቢጫ ብስክሌትና ቀስት ይስል እንደነበር እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። ስሎም በስልክ ያሳየኝ ነበር። በድልድዩ ላሜራዎች ላይ የሳለውንም አሳይቶኛል። ጎማውን እንቁላል አስመስሎት ስቄበታለሁ። ያው እንቁላል ጎማ ነው።

«ጋሽ ቶላ፣ ይህን ላሜራ ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከናንተው ነዋ! ከፈርሀት ነው የወሰድኩት። ምነው፣ ክፉ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ምሳውን እዚያው አስቀምጬ ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ፈርሀት አልነበረም። አንዱ ላሜራ ገና ሳይቆረጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ብስክሌቱም ቀስቱም ሙሉ ነው። በአራቱም ማዕዘን የርስዎ ሽቦ አለ፣ እርስዎ እንደሚጠመዝዙት ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ። ቋጠሮው አልተፈታም፣ አባባ። ሽቦው በፒንሳ ነው የተቆረጠው። ውሃ አልወሰዳቸውም። ሰው ቆርጦ ወስዶ ሸጣቸው፤ ባለቤቴ ገዛቸው።

አንዱን ሽቦ ነቅዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ጫፉን በጣትዎ ይንኩት። የተቆረጠና የተበጠሰ ብረት እንደማይመሳሰል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ፈርሀት ሲመጣ ላሜራው ፊት ቆሜ ነበር። አይቶኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው በአይሱዙ ከሌላ ብረት ጋር ጭኖ አመጣልኝ፣ ከየት ነው ብዬ አልጠየቅሁም፣ ሥዕሉ ወደ ታች ተገልብጦ ስለነበር ያየሁት ከቀብር ስንመለስ ነው አለኝ። «የባቡር ብረት መሆኑንስ?» አልኩት። «እሱንስ አውቄያለሁ» አለ። ከዚያ እግሬን ይዞ «ለአባባ አትንገሪያቸው። ልጅ አጥተዋል፣ እኔንም ካጡ ማን አላቸው?» ብሎ አለቀሰ።

አምኜው ዝም አልኩ። ለርስዎ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ልንገርዎ፦ ቤቴ እንዳይፈርስ ነው። ኢማን አባቷን የምትወደውን አወዳደድ ያውቃሉ። ውሃ ነው ከተባለ ውሃ ይሁን፣ ውሃ ምን ይሆናል ብዬ ነው። እርስዎ ውሃውን ትተው በእጅዎ ላይ ይፈርዳሉ ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ሲፈርዱ አነበብኩ። አሸዋ ሲቆፍሩ አነበብኩ። በመስጊድ ተነሥተው የተናገሩትን አነበብኩ። ያኔም ዝም አልኩ። ለዚህ ይቅርታ የምለምንበት አፍ የለኝም።

የሚወስኑትን እቀበላለሁ።

ጠሂራ


ቆርኬ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠሂራ፣

ደብዳቤሽ ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰኝ። ጾሙን ሙሉ አልመለስኩልሽም። ዒዱም አለፈ። ታመው ነው ወይ ብለሽ በስንታየሁ ልከሻል፤ አልታመምኩም። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም ነበር።

ሽቦውን ነካሁት። የተቆረጠ ነው። ደጄ ላይ ተቀምጬ እጆቼን አየኋቸው፤ ከዚያ ጮክ ብዬ አለቀስኩ መሰለኝ፣ ጎረቤቶቼ ሮጠው መጡ። ለልጄ ሳይሆን ለእጄ ማልቀሴ አሳፈረኝ። በማግሥቱ የዚያችን የጎረቤቴን ፓምፕ ጠይቄ ሠራሁላት።

ከዚያ ቀን ቆጠርኩ። ካየሽበት እስከ ጻፍሽልኝ ድረስ ሰማንያ ቀን ነው። ጠሂራ፣ ሰማንያ ቀን። ፈርሀት የሰው ልጅ ነው፣ ስቶ ይሆናል፣ ፈርቶ ይሆናል። አንቺ ግን ልጄ ነሽ። አሸዋ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስቆፍር፣ ብረቱ መርካቶ ግድግዳ ተደግፎ መቆሙን ታውቂ ነበር። ይህን እንዴት አድርጌ ልዋጠው? ይቅር ብዬሻለሁ። ምላሴ ብሎታል። ልቤ ግን እየተከተለው ነው እንጂ ገና አልደረሰበትም። ላንቺ መዋሸት ስለማልፈልግ ነው የምጽፍልሽ።

ፈርሀት መጥቶ ነበር። ሳይነግርሽ እንደመጣ ነግሮኛል። መጋቢት 10 ቀን ነው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ። ቀስ ብሎ ጀመረ፤ አልሰማሁትም። ጆሮዬን አስጠግቼ «ጩህ» አልኩት። ከዚያ ጮኸ። ቆርኬ በሙሉ ሰማው። ሴቶች ከየደጃቸው ወጡ፣ ልጆች ጨዋታቸውን አቆሙ። ጨርሶ እስኪያቅተው ጮኸ።

አዛን ሲል ቴምርና ውሃ ሰጠሁት። ጾመኛ እንግዳ ነው። አፍጥሮ ሲጨርስ «ሂድ፣ ከእንግዲህ ደጄን አትርገጥ» አልኩት።

የነገረኝ አንቺ ከጻፍሽልኝ ይበልጣል። እኔ አልጽፈውም፤ ከራሱ አፍ ስሚው። ላንቺም እንዲነግርሽ በቁርኣን አስምዬዋለሁ። እስካሁን ካልነገረሽ ይህን ወረቀት አሳዪው።

ሙራድ


ጎጃም በረንዳ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፣

አድራሻዬ መቀየሩን ከላይ ያዩታል። እኔና ኢማን ጎጃም በረንዳ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። እትዬ እታገኝ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ መጋዘናቸው ውስጥ ሥራ ሰጥተውኛል። ኢማን ቀኑን ሙሉ ታስነጥሳለች፣ ግን ትስቃለች።

ወረቀቱን አሳየሁት። አንብቦ አጠፈው። ከዚያ ነገረኝ።

ላሜራው ተገልብጦ አልመጣም። ሐሙስ ጠዋት፣ ኅዳር 5 ቀን፣ ከመኪናው ሲወርድ ሥዕሉን አይቶታል። የኢምራን እጅ መሆኑን አውቋል። ከየት እንደተነቀለም አውቋል። ኢምራን ረቡዕ ወደ አዳማ ወርዶ ስለነበር ሱቁ ውስጥ አልነበረም እንጂ፣ በዓይኑ ያየው ነበር።

«ስልኩን አወጣሁ» አለኝ። «ብነግረው ማን ሸጠልህ ይለኛል። ኢምራንን ታውቂዋለሽ፣ ፖሊስ ጋ ሳይሄድ አያድርም። ከዚያ በፊትም የባቡር ብረት ገዝቻለሁ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እደውላለሁ አልኩ። ዓርብም አልደወልኩም። ቅዳሜ ከሰዓት ደወልኩ። ስልኩ አልሠራም አለኝ።»

«ደግመህስ?» አልኩት።

«አንዴ ነው የደወልኩት» አለ። «አልሠራም ሲለኝ፣ ጠሂራ፣ እፎይ አልኩ።»

አባባ፣ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። በርበሬ ስለቅም እሰማዋለሁ። ኢማንን ሳጥባት እሰማዋለሁ። ያ ሰው መቃብር ወርዶ ወንድሜን በእጁ ተቀብሏል። እኔ ስወድቅ ደግፎኛል። ለቅሶ ላይ እንግዳ ያስተናገደው እሱ ነው።

ሌላም ብሏል፤ ልደብቅዎ አልችልም፣ ከእንግዲህ ምንም አልደብቅዎም። «አባትሽ ሐሙስ ሐሙስ ድልድዩን ያዩታል፣ እሁድ ሳይደርስ ያገኙታል ብዬ ነው» ብሏል።

በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጥቷል፤ ማንም ሳይጠራው። መጋዘኑ ታሽጓል። ላሜራውን ያመጣውን ሰው እየፈለጉት ነው፣ እስካሁን አልተገኘም። እኔ ልብሴንና ልጄን ይዤ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽማግሌዎች ታረቂ ይሉኛል፤ ልጅ አላችሁ፣ ሰውየው ተጸጽቷል ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ? ፍቺው ካሉኝ እፈታለሁ። ተመለሺ ካሉኝም...

ልጅዎ ጠሂራ


ቆርኬ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጠሂራ፣

ሰላም ላንቺና ለኢማን ይሁን። ለማስነጠሷ አፍንጫዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚላት።

የሐሙሱን ነገር እኔንም ብሎኛል። እውነቱን ነው። በየሳምንቱ እወጣ ነበር፣ የዚያን ሐሙስ አልወጣሁም። ሽቦው ነፃ አውጥቶኛል፣ ሐሙሱ ግን የኔ ነው፤ ማንም አያነሣልኝም፣ አንቺም አትሞክሪ። ከሱ ጋር እኖራለሁ። ትኩሳት የያዘው ሽማግሌ ነበርክ እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሰማኛል።

ልፍታው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። በኔ ስም አትፍቺ፣ በኔ ስምም አትመለሺ። አብረሽው የኖርሽው አንቺ ነሽ። ዓይኑን እያየሽ ምግብ ማቅረብ ከቻልሽ ተመለሺ፣ አልቆጣሽም። ካልቻልሽ ሽማግሌ የሚልሽን ትተሽ ውጪ።

ሩዋይዳ እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ ብሎን ይዘው ነው የመጡት፣ ላሜራም ይዘው፣ አባባ አብረውን ያስሩት ብለው። አልቻልኩም። ድልድዩ ላይ ሰው ሲነዳ ቆሜ ማየት አልችልም አልኳቸው። ልጅቷ አልተከራከረችኝም። ድንጋዩን አንሥተው ከጎን ወደ ወንዙ የሚወርድ ቀጭን መንገድ ቆረጡ። አሁን እዚያ ሲደርሱ ይወርዳሉ፣ ብስክሌታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በአሸዋው ተሻግረው በወዲያኛው በኩል ይወጣሉ። ባለፈው እሁድ ሃያ ስድስት ነበሩ። አንድም ሰው ሲናገር አላየሁም፤ ከንፈራቸውን ነው የማየው። እሱ ከወደቀበት ቦታ ሲደርሱ ዞር ብለው ነው የሚያልፉት።

ልቤ እየመጣ ነው። በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ታገሺው።

አባትሽ ሙራድ


ጎጃም በረንዳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፣

ዒደል አድሓን እንዴት ዋሉ? እኛ ደህና ዋልን። ኢማን አዲስ ጫማ አድርጋ እትዬ እታገኝን እንኳን አደረሰዎ ስትላቸው፣ የበዓላቸው ቀን ባይሆንም ስመዋት ከረሜላ ሰጧት።

በርስዎ ስም አይደለም፣ አባባ። ሞክሬዋለሁ። አንድ ቀን ኢማንን ሊያይ መጣ፣ ሻይ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን ሲቀበለኝ እጁን አየሁ። ስልኩን አውጥቶ መልሶ የከተተው እጅ ነው። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። በማግሥቱ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄድን፤ ባለፈው ረቡዕ አለቀ። አልተከራከረኝም። ኢማንን ዓርብ ዓርብ ያያታል። የሱ ክስ ደግሞ ገና ቀጠሮ ላይ ነው።

ከፍርድ ቤት ስንወጣ ደረጃው ላይ አስቆመኝ። «አንድ ነገር አባባን ለምኚልኝ» አለኝ። «የኢምራን መቃብር ላይ አንድ ጊዜ ቆሜ ዱዓ ላድርግ። ደጃቸውን አትርገጥ ስላሉኝ፣ ወደ መቃብሩ ደግሞ በደጃቸው ነው የሚታለፈው፣ ሳይፈቅዱልኝ አልሄድም።»

እኔ አላውቅም፣ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ መጣሁ። እምቢ ቢሉም አይገርመኝም። እሺ ቢሉም አይገርመኝም። የሚሉትን አደርስለታለሁ።

ልጅዎ ጠሂራ


ቆርኬ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጠሂራ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ክረምቱ ሲወጣ ኢማንን ይዘሽ ነይ፤ አልጋ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ አንቺንም ማየት እፈልጋለሁ።

ለጠየቅሽኝ ነገር ብዙ አሰብኩ። ሙት የሁሉ ነው፣ መቃብርም አይከለከልም። ይምጣ። በደጄ ይለፍ። ውሃ በጀሪካን በር ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ውዱእ የሚያደርግበት።

ቀኑን ብቻ አስቀድመሽ ጻፊልኝ። እኔ የዚያን ዕለት ወለንጪቲ ወርጄ እውላለሁ።

አባትሽ ሙራድ